በበቅሎ የተመራ ጣራ

ጣራ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በነፋስ ተገንጥሎ ሲበር ማለቴ አይደለም፤ ያንንማ ማንም ያያል። በእግሩ፣ ያውም በብዙ እግር፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ወደሚቀመጥበት ግድግዳ ሲጓዝ ማለቴ ነው። እኔ አይቻለሁ። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ መርቼዋለሁ። ከመራሁት በኋላ የሆነውን ከአሶሳ እስከ መንጌ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እነሱ ጨማምረው ከሚነግሯችሁ ከእኔው ብትሰሙት ይሻላል።

ወደዚህ አገር ያመጣኝ ንግድ ነው። ከጎጃም አሞሌ ጨውና ጥቂት ሸማ ጭኜ፣ ዓባይን ተሻግሬ፣ ጨዉን በወርቅ ለውጬ ልመለስ። ሐሳቡ ቀና ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ከአንዷ በቀር በቅሎዎቼ ሁሉ በቆላ ዝንብ በሽታ አለቁብኝ። የተረፈችው ደግሞ ከሁሉም ሰነፏና ሆዳሟ ነበረች፤ ሞት ራሱ ሊጎትታት ሞክሮ ሰልችቶት የተዋት ይመስለኛል። በአንድ በቅሎ ነጋዴ አይኮንም። ሌላ እስካገኝ ብዬ ወደ መንጌ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች መንደር አረፍኩ። ያስጠጉኝ የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ኢድሪስ ናቸው። እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲቆይ ብር፣ ሲከርም መዳብ ነው ይባላል፤ እኔ ከመዳብም ወርጄ ሸክላ ሆኜ ነበር፣ እሳቸው ግን አልጣሉኝም።

መንደርተኛው በርታ ነው። አማርኛን ከመንገደኛና ከገበያ የለቀመው ነው፤ ወንዱንና ሴቱን አንዳንዴ ይቀላቅለዋል። እኔ በበርታኛ የምቀላቅለውን ብታውቁ ግን በዚህ መሳቅ እንደማልችል ይገባችሁ ነበር። አንድ ቀን ለሼሁ ሚስት ምርቃት መስሎኝ የተናገርኩትን ነገር እስከ ዛሬ ማንም ሊተረጉምልኝ ፈቃደኛ አይደለም።

በዚያች መንደር ሐሙስ ሐሙስ ሥራ የግል አይደለም። ከየቤቱ ሰው ይወጣል። የታመመ ሰው ማሳ ይታረማል፣ ለአራስ ማሽላ ይፈጫል፣ የወደቀ አጥር ይነሳል። ነፊር ይሉታል። የእኛው ደቦ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ደቦ ሲቸግር የሚጠራ ሲሆን የእነሱ ነፊር ግን ሐሙስ ሲመጣ ችግር ኖረም አልኖረም መሰብሰቡ ነው። ችግር ከጠፋ ይፈለጋል።

ችግር ሲፈልጉ አንድ ሐሙስ እኔን አገኙኝ። "ነጋዴው ቤት የለውም" ተባለ። ሂያጅ ነኝ፣ ዓባይ ሳይሞላ እሻገራለሁ፣ ቤት ምን ያደርግልኛል ብዬ ብምል ማን ሰምቶኝ! የቀርከሃ ግድግዳ ክብ አድርገው አቆሙ፣ ሴቶቹ ጭቃውን ለቀለቁ፣ እኔ ከዳር ቆሜ "ኧረ ተዉ" ስል ዋሉ። ጣራው ለሌላ ጊዜ ቀረ። እኔም እልሄን ለመወጣት በማግስቱ በቅሎዬን አስገብቼ ገንዳዋን አስቀመጥኩባት። ከዚያ በኋላ "ቤትህ እንዴት ነው?" ያለኝን ሁሉ "ቤት አይደለም፣ የበቅሎ በረት ነው" እለው ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ያሉት ወደው አይደለም።

የሚበላው ከነፊሩ ጋር ነውና እኔም ሐሙስ ሐሙስ እወጣ ጀመር። አረም አርም ብለው የታመመ ሰው ማሳ ላይ ቢያሰማሩኝ ማሽላውን ነቅዬ አረሙን በእንክብካቤ አቆየሁት። ጭቃ አቡካ ቢሉኝ ገብቼበት መውጣት አቃተኝና እኔን የሚያወጣ ሌላ ነፊር ተጠራ። ሼህ ኢድሪስ በመጨረሻ ትከሻዬን አይተው፣ እጄን አይተው፣ ቆየት ብለው አፌን አዩ። "ያ አኺ" አሉኝ፤ ወንድሜ ሆይ ማለታቸው ነው። "አንተ አፍ ጎበዝ ነው። መለከት ንፋ።"

መለከቱ ከረጃጅም ቅል የተሠራ ነው፤ አንዱ ቅል በሌላው ላይ እየተሰካ ረዝሞ በሁለት እጅ ካልተያዘ አይነፋም። ሥራው ደግሞ ትልቅ ነው። በዚህ አገር ጣራ የሚሠራው ቀርከሃውና ሣሩ ባለበት በጫካው ዳር ነው። ካለቀ በኋላ ሠላሳም አርባም ሰው ከሥሩ ገብቶ ያነሳውና ተሸክሞት ይሄዳል። ከሥሩ ያለ ሰው ከራሱ እግርና ከፊቱ ሰው ተረከዝ በቀር የሚያየው የለም። መንገዱን የሚያውቀው በመለከት ድምፅ ነው። መለከቱ ወደሄደበት ጣራው ይሄዳል፤ መለከቱ ዝም ካለ ጣራው መሬት ይቀመጣል። ከሥሩ ደግሞ ማውራት ክልክል ነው፣ ያወራ ሰው ትንፋሹን ይጨርሳልና።

አንድ ሕግ ቀርቷል፤ መዘዙም እሱ ነው። ጣራው ያረፈበት መሬት ባለቤት ለዚያ ቀን ነፊሩን ሁሉ ያበላል። ባለቤቱ ማነው የሚል ክርክር ከተነሳም መልሱ ቀላል ነው፤ ያበላ ሰው ባለቤት ነው። በደህናው ጊዜ ሁሉም ደግ ነው፤ ጣራው ባለ ጣራው ግድግዳ ላይ ያርፋል፣ ባለ ጣራው ገንፎውን ከባሚያ ወጥ ጋር አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

መንፋት ስማር መንደሩ ተሰደደ ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ድምፄ ጅብ የዋጠው ፍየል ከውስጥ የሚጣራ ይመስል ነበር። ከየደጁ ሲያባርሩኝ የማታባርረኝ በቅሎዬ ብቻ ሆነች። ስለዚህ ድርቆሿን ገንዳዋ ላይ እያፈሰስኩ በረቷ ውስጥ እነፋለሁ፣ እሷ ትበላለች። በየቀኑ እኔ መንፋት፣ እሷ መብላት። ምን እያስተማርኳት እንደሆነ አላሰብኩም። አስተማሪ ነኝ ብሎ ማን ያስባል?

በዚያ ዓመት በበጋ ሣር ሲቃጠል እሳቱ ከጫካ አምልጦ የሐሊማን ጣራ በላው። ሐሊማ ባሏ ዓመት ሳይሞላ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ግድግዳው በጭቃ የተለሰነ ስለነበር ተረፈ። እሷም ቁርበት ወጥራ ልጆቿን ይዛ ከሥሩ ተቀመጠች። ኑሪ እኛ ጋ ያሏት ብዙ ነበሩ፤ "ቤት አለኝ፤ ባርኔጣ ነው የጎደለ" ብላ መለሰቻቸው። ምላሷ እንዲህ ነው። እኔን ባየች ቁጥር "ነጋዴ፣ በቅሎህ ከኔ ይሻላል፣ ግድግዳው ጥቁር አይደለም" ትለኝ ነበር፣ እኔም ወደ ቤቴ፣ ወደ በረቴ ማለቴ ነው፣ እገባ ነበር።

ነፊሩ ሁለት ሐሙስ ሙሉ ጣራዋን ሠራ። ሦስተኛው ሐሙስ የማንሻው ቀን ሆነ። ደመናው በምዕራብ በኩል ጠቁሮ ተከምሯል። ዛሬ ካልተጫነ ዝናብ ያረፈበት ሣር ይከብዳል፣ ማሰሪያው ልጥም ይላላል፣ እስከ በጋ አይነሳም። ሦስት ልጆች ክረምቱን በቁርበት ሥር። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ እኔም ጭምር።

ይህን እያወቅሁ በበቅሎ መጣሁ።

"በቅሎ ይቅር" አሉኝ ሼህ ኢድሪስ። "እሱ ሆድ ነው የሚያውቅ። መንገድ አያውቅም።"

"ሼሃችን" አልኳቸው ደረቴን ነፍቼ፣ "በእኛ አገር መለከት የሚነፋ ሰው በእግሩ ሄዶ አያውቅም። ለጣራውም ክብር ነው።"

በእኛ አገር መለከት የሚነፋ ሰው በበቅሎ ይሂድ በእግሩ ይሂድ የማውቀው ነገር የለም። እሳቸው ግን የጣራው ክብር ሲባል ተዉኝና ከሴቶቹ ጋር ሆነው ግድግዳው ዘንድ ሊጠብቁን ቀድመው ሄዱ። ከሥሩ የሚገቡት ገቡ። "ቢስሚላህ" ተባለ። ጣራው ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ፣ እግር አወጣ። እኔም መለከቱን በሁለት እጄ ይዤ ልጓሙን በቅሎዋ አንገት ላይ ጣልኩና ነፋሁ።

በቅሎዬ ጆሮዋን አቆመች። በሕይወቷ እንደዚያ ፈጥና ስትራመድ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከጫካው ሲወጣ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ግራው ወደ ሐሊማ፣ ቀኙ ወደ እኔ በረት። በቅሎዬ ሳታመነታ ቀኙን ያዘች። መለከት ማለት ለእሷ ድርቆሽ ነው፤ ድርቆሽ ያለው ገንዳዋ ውስጥ ነው። በተረከዜ ብጎስማት ፍጠኚ ያልኳት መሰላት። ልጓሙን ልያዝ ብል መለከቱን መልቀቅ ነው፤ መለከቱን ከለቀቅሁ ጣራው እዚያው መንገድ ላይ ይቀመጣል። ልጩህ ብል አፌ ሥራ ላይ ነው። ከኋላዬ የተማመነብኝ የአርባ ሰው እግር ይከተለኛል። ሳቅ የመጣበት ሰው ይሳቅ፤ እኔ ግን የሐሊማ ልጆች ፊቴ ላይ እየመጡ ላብ በላብ ሆንኩ።

የመጀመሪያው ማሳ የኸሊፋ ነው። ኸሊፋ ማለት ዝንብ እንኳ ከቤቱ ጠግባ የማትወጣ ሰው ነው። ወገቡ ታመመ ተብሎ ያን ቀን ከሸክሙ ቀርቷል። ለውዙ መካከል ቆሞ ጣራው ወደ እሱ ሲመጣ ሲያይ ወገቡ ወዲያው ዳነ። ሕጉን ያውቃል። የእኔ ጉንጭ ሊፈነዳ እንደደረሰም ያያል።

"ንፋ!" እያለ ሮጠ። "ወላሂ ንፋ! እዚህ አትቁም! እዚህ ምንም የለ! ለውዝ ጥሬ ነው!"

ራሴን ወደ ኋላ እየወዘወዝኩ፣ ዓይኔን እያጉረጠረጥኩ፣ መንገድ ስቻለሁ በቅሎዋን መልስልኝ ልለው ሞከርኩ። እሱ ትንፋሽ ያጠረኝ መስሎት የበቅሎዬን ልጓም ይዞ ወደፊት ጎተታት። እሷን ወደዚያ መጎተት ውኃን ወደ ቁልቁለት እንደ መግፋት ነው። ከድንበሩ ካሳለፈን በኋላ ልጓሙን ወርውሮ፣ ምርቃት ደርድሮ፣ ወገቡን ይዞ ተመለሰ።

ቀጥሎ የእማማ ዘይነባ ጓሮ መጣ። ከአንዲት ዶሮ በቀር ሀብት የላቸውም። ዶሮዋን ደረታቸው ላይ አቅፈው በር ላይ ቆሙ። እሳቸው አልጮኹም። "ልጄ" አሉኝ፣ "ደከመህ? ደከመህ ተቀመጥ። ዶሮ አለ።" ይህን ሲሉ ዶሮዋን ይበልጥ ጥብቅ አደረጓት። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ የነበረኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ ጓሯቸውን በአንድ ንፊት አለፍኩት። ዓይኔ ፊት ግን ዓለም አረንጓዴና ቢጫ ሆነች።

ቀና ብል በረቴ ደርሷል። ግድግዳው ገና ጉበን የለውም፣ በሩ ክፍት ነው። በቅሎዬ እኔን እንደያዘች ገባች፣ ገንዳዋ ላይ ደረሰች፣ ቆመች፣ አንገቷን ደፋች። እኔ አሁንም እየነፋሁ ነው። ከኋላዬ የፊተኞቹ ሰዎች ትከሻ ግድግዳ ነካ። ግድግዳ ሲነካ ምን እንደሚደረግ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ከፍ፣ ገፋ፣ ዝቅ። መንደሩ ሁሉ ቤት የሚለካው በአንድ ገመድ ነውና ጣራው ለእኔ ግድግዳ የተሰፋ ቆብ ይመስል ልክክ አለ። ጨለመብኝ። ያን ጊዜ ትንፋሼ አለቀ።

ከውጭ እልልታ ተሰማ። ቀጥሎ እልልታው ቆመ። ቀጥሎ አንድ ሰው "ይሄ ሐሊማ ቤት አይደለም" አለ።

ድምፁ ያለቦታው ሲሄድ ሰምተው ሼህ ኢድሪስና ሴቶቹ እየሮጡ ደረሱ። ሐሊማ ከፊት ናት። ጣራዋን አየች፣ ግድግዳዬን አየች፣ በበሩ ጎንበስ ብላ በቅሎ ላይ ተቀምጬ መለከት ታቅፌ አየችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። ስድቡ በተሻለኝ ነበር!

"አንሱት" አለች ዘወር ብላ። "ቶሎ አንሱት። አሁን።"

ሰዎቹ ዙሪያውን ያዙ። እኔም ከበቅሎዬ ወርጄ፣ ትከሻ የለህም የተባልኩት ሰውዬ፣ ከመካከላቸው ገባሁ። "ቢስሚላህ" ሲባል አንድ ትልቅ ጠብታ አፍንጫዬ ላይ ዐረፈ። ወዲያው ሰማዩ ተቀደደ። ሼህ ኢድሪስ እጃቸውን ሣሩ ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ረጠበ። በቃ። እስከ በጋ እዚህ ነው።"

ሁላችንም ከጣራው ሥር ተጨናንቀን ገባን፤ ነፊሩ፣ ሴቶቹ፣ የሐሊማ ልጆች፣ በመካከል በቅሎዬ ድርቆሿን እያላመጠች። ጣራው ጠብ አላደረገም። እንዲህ ያለ ጥሩ ጣራ ነበር።

ያ ኸሊፋ፣ ዝናቡን ሽሽት ገብቶ ኖሯል፣ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው። ጣራ አረፈ። ባለ መሬት ማነው? ያብላን።"

ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ያለኝ አንድ ጥቅል አሞሌ ነው፤ ለመመለሻ ስንቄ ያስቀመጥኩት። አርባ ሰው በጨው ብቻ አይጠግብም። አፌም እንደ ልማዱ ቀደመኝ፦ "እኔ ባለ ቤት አይደለሁም። ይሄ የበቅሎ በረት ነው።"

"እንግዲያው በቅሎ ያብላን!" አለ አንዱ፣ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ እዚያ ቤት ውስጥ ያን ቀን በቅሎው ማን እንደሆነ ግልጽ ነበር።

ሐሊማ አልሳቀችም። ለሴቶቹ አንድ ነገር በበርታኛ ተናገረች። በዝናቡ ሄደው ከእሷ ግድግዳ ሥር የተዘጋጀውን ገንፎና ወጥ ቅጠል ደፍተውበት አመጡ። እጅጌዋን ሰብስባ ለሁሉም አቀረበች፤ ለኸሊፋ፣ ለሼሁ፣ በመጨረሻ ለእኔ። ሼህ ኢድሪስ በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን አነሱ። "ማን አበላ? ሐሊማ። ጣራ የሐሊማ። መሬት የሐሊማ። ነጋዴ በረት ነው አለ፤ እኛ ሰማነው።"

ፍርዱ ትክክል ነበር፤ እኔም ራሴ ብፈርድ ከዚያ አልወጣም። ግን ላልዋሻችሁ፣ "ቤቴ" የሚለው ቃል ከአፌ ጫፍ ደርሶ ተመለሰ። በጋውን ሙሉ የካድኩት ቤት ሲወሰድብኝ ቆጨኝ። በቅሎዬን ጎትቼ ስወጣ ሐሊማ "ወዴት?" አለች። "ወደ ጣራ የሌለው ግድግዳ" አልኳት። "ቁርበቱ እዚያ ነው" አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ እንዲያውም ቁርበቱ የሚቀደድበትን ጎን ነገረችኝ።

በሳምንቱ ሐሙስ ነፊሩ ያለ ወትሮው በክረምት፣ እኔ ላለሁበት ግድግዳ አዲስ ጣራ ሊሠራ ወደ ጫካው ሄደ። ሣሩን በደረቅ ቀን እየሰበሰብን፣ በዝናብ እየሸፈንን፣ ስንት ሐሙስ እንደፈጀ እንጃ። ሲያልቅ እኔ ከሥሩ ገባሁ። በቅሎዬ ግንድ ላይ ታሰረች፣ በሁለት ገመድ። መለከቱን ማን እንደያዘው ለማየት ሞከርኩ፣ ከፊቴ ካለው ሰው ተረከዝ በቀር አልታየኝም። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር፤ ከእኔ መቶ እጥፍ ይሻላል። ተከተልኩት። ግድግዳ ነካን፣ ከፍ፣ ገፋ፣ ዝቅ። ስወጣ መለከቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጉንጯን የምታሸው ሐሊማ ናት። ጣራውን የመራችው በእግሯ ነው።

"ባለ መሬት ማነው?" አለ ኸሊፋ ምራቁን እየዋጠ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ቤቴ ነው።" ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፣ በቅሎዬ ከሩቅ መለሰችልኝ። ገንፎውን ራሴ ነበር ያገነፋሁት፣ ለመንገዴ ያስቀመጥኩትን አሞሌ ሁሉ ሰብሬ፣ ማሽላ ለውጬበት፣ የተረፈውን ወጡ ውስጥ ጨምሬ። ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ጎርሶ ውኃ ጠየቀ። ማንም ግን አልተወውም። ሐሊማ ቀመሰችና ፊቷን አጨፈገገች።

"ጨው በዝቷል።"

"ሌላ የለኝም" አልኳት።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። የእሷ ጣራ በእኔ ግድግዳ ላይ፣ የእኔ ጣራ በእሷ ግድግዳ ላይ። መሬቱም በመብል ተለዋወጠ። አንዳችን ከመንደሩ እንሂድ ብንል የሌላውን ግማሽ ቤት ይዘን መሄዳችን ነው። ሼህ ኢድሪስ ይህን በጣታቸው መሬት ላይ እየሣሉ ብዙ ካሰቡ በኋላ የሚያዋጣው ጋብቻ፣ ኒካህ ብቻ ነው አሉ። ሐሊማ "መጀመሪያ መለከት ይማር" አለች። ተማርኩ። ከእሷው ነው የተማርኩት፤ የቀረውን ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል፣ ሰነፍ ተማሪ ሆኜ ሳይሆን ትምህርቱ እንዳያልቅ ፈርቼ። ሲያልቅ ኒካሁ ታሰረ።

ዓባይ ሲጎድል የአገሬ ነጋዴዎች በመንደሩ አለፉ። ለምን አልተመለስክም፣ ምን ያዘህ አሉኝ። ከቤታችን ደጃፍ፣ ከሐሊማ ጣራ ሥር ተቀምጬ፣ በማዶ ያለውን ሁለተኛውን ቤት አሳየኋቸው። ሙሉ ግድግዳ፣ ሙሉ ጣራ፣ በሩ ላይ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች።

"ያ የማነው?" አሉኝ።

"ያማ" አልኳቸው፣ "የበቅሎ በረት ነው።"